ጣና ዳር የበረረችው ባለላስቲክ አውሮፕላናችን

ባለፈው ሰኔ የባለቤቴ ወንድም ከውጭ ሲመጣ ለልጄ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ይዞላት መጣ። ስንከፍተው የሞዴል አውሮፕላን ኪት ነው። ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት የተሠሩ ቀጫጭን ዘንጎች፣ የክንፍ አጥንቶች የታተሙበት ስስ ጣውላ፣ የፕላስቲክ ፕሮፔለር፣ ሽቦ፣ ስስ ወረቀት፣ አንድ ጥቅል ላስቲክ፣ ከዚያ እንደ ጠረጴዛ ልብስ የሚዘረጋ ንድፍ። ሞተር የላትም። ባትሪም ሪሞትም የላትም። የሚያበርራት የተጠማዘዘ ላስቲክ ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 61 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ይላል።

«አባዬ፣ እውነት ትበራለች?»

«ትበራለች።»

ቃሌን የጠበቅሁት በኅዳር ነው። አምስት ወር መሆኑ ነው።

ሥራው ራሱ ይህን ያህል አይፈጅም። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሦስት አራት ሳምንት ይበቃዋል። የቀረውን ጊዜ የበላብኝ ስህተቱ የት እንዳለ ሳላውቅ ማስተካከል መጀመሬ ነው። ከልጁ ጋር አንድ ነገር ሠርቶ ማብረር የሚፈልግ ወላጅ ካለ፣ የኔን አምስት ወር ወደ አንድ ወር ያሳጥረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ከመሥሪያ ሰሌዳው ልጀምር። ሰሌዳው ቀጥ ያለ ካልሆነ ክንፉም ቀጥ አይልም። እኔ የተጠቀምኩት ጣሪያ ሲታደስ የተረፈ ቺፑድ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ስፒል በቀላሉ ይገባበታል። ንድፉን ትዘረጉታላችሁ፤ በላዩ የሚያሳይ ስስ ፌስታል ታነጥፋላችሁ፤ እንጨቶቹን በንድፉ መስመር ላይ እያስቀመጣችሁ ታጣብቃላችሁ። ፌስታሉ ከሌለ ኮላው እንጨቱን ከንድፉ ጋር አንድ ያደርገዋል። ስፒሉን ደግሞ እንጨቱ ላይ አትውጉት፤ ይሰነጠቃል። ግራና ቀኙን አስጠግታችሁ ያዙት። ምላጭ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ባልሳ ለስላሳ ነው። የደነዘዘ ምላጭ ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ለማጣበቂያ አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይሻላል። በስንጥር ጫፍ ነካ አድርጋችሁ፣ የተረፈውን በጣት ጠርጋችሁ። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፤ ግን የልጅ ጣት እንጨት ላይ ይጣበቃል፣ ሽታውም ዓይን ያቃጥላል። ልጄ ገና በሁለተኛው ቀን ከኔ የተሻለ ማጣበቅ ቻለች። ጣቷ ቀጭን ነው፣ ትዕግሥትም አላት። እኔ ኮላ ሲበዛ የሚጠነክር እየመሰለኝ አበዛ ነበር። የፈሰሰ ኮላ ክብደት ብቻ ነው።

እንጨት ሲሰበርስ? ባልሳ ከባሕር ዳር ገበያ የሚገዛ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። እኛ ቅርብ ያለን ቀርከሃና ደንገል ነው። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ቀርከሃ ከባልሳ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። ግን በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ብትሰነጥቁትም አይሰበርም። ለጎማዎቹ እግርና ለክንፉ ጫፍ ቅስት ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ስንጥር ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርጋችሁ በቀስታ ብታመላልሱት እጃችሁ ላይ እንደ ሰም ይለዝባል። የምትፈልጉትን ቅስት ሰጥታችሁ እስኪቀዘቅዝ ያዙት፤ በዚያው ይቀራል። ልጄ ይህን ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች። አንዱን እኔ፣ አንዱን እሷ አጠፍን። የእሷ ትንሽ አረረ፤ ግን እስካሁን የግራው ክንፍ ጫፍ ላይ አለ።

ደንገል ላይ ብዙ ተስፋ ነበረኝ። ታንኳ የሚሠራበት፣ ጣና ዳር የበቀለ ነገር አውሮፕላን ላይ ቢገባ ደስ ይላል። የደረቀውን ግንድ ልጣጩን አንስቼ ልቡን አወጣሁ። ቀላል ነው፤ እንደ ስፖንጅ ነው። የክንፍ አጥንት ቆረጥኩለት። በስስ ሲቆረጥ ግን አቅም የለውም፤ ወረቀቱ ሲጠበቅ ታጠፈ። ውሃም ይጠጣል። ታንኳ ወራት ቆይቶ የሚከብደው ለዚህ ነው። የጠቀመኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አፍንጫዋ ውስጥ፣ ከፕሮፔለሩ ኋላ፣ ግጭት የሚቀበል ትራስ ሆኖ። እዚያ ባልሳ ይሰነጠቃል፤ ደንገል ግን ይጨማደድና ኃይሉን ይውጠዋል።

ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ። የምሠራው ማተሚያ ቤት ስለሆነ ወረቀትን ከሌላው ዕቃ ይልቅ አውቀዋለሁ። አንድ ወረቀት ውስጡ ያሉት ጭረቶች፣ ማለትም ቀጫጭን ክሮች፣ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። ሲርስ የሚለጠጠው፣ ሲደርቅም የሚሰበሰበው ጭረቶቹን አቋርጦ ነው። በጭረቶቹ አቅጣጫ ብዙም አይነቃነቅም። ይህ ለመጽሐፍ ጥራዝ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለክንፍም እንዲሁ። የክንፉ ወረቀት ጭረት ከገላው ወደ ክንፉ ጫፍ መሄድ አለበት። በተቃራኒው ከለጠፋችሁት ሲደርቅ ክንፉን ከጫፍ ወደ መሐል ይጎትተውና ያጎብጠዋል። አቅጣጫውን ለማወቅ ከጥጉ ትንሽ ቅደዱ። ቀጥ ብሎ ከተቀደደ በጭረቱ ነው የሄዳችሁት። እየተጠማዘዘ ካስቸገራችሁ ጭረቱን አቋርጣችኋል።

ከኪቱ ጋር የመጣው ወረቀት ሲያልቅብን የጫማ ካርቶን ውስጥ ጫማው የሚጠቀለልበትን ስስ ወረቀት ተጠቀምን። በደንብ ሠርቷል። በተተኮሰ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ሞቅ ባለ ካውያ እጥፋቱን አቅኑት። ኮላውን በውሃ አቅጥናችሁ የክንፉን ዙሪያ ብቻ ቀቡ፤ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ለጥፉ። ሲደርቅ ፀጉር ቤት ባለው ዓይነት መርጫ ውሃ እንደ ጉም ንፉበት። መጀመሪያ ይረግባል፤ አትደንግጡ። ከዚያ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ልጄ በጥፍሯ ነካ አድርጋ ድምፁን ሰማችና እናቷን ጠራቻት። ያን ድምፅ እስካሁን እወደዋለሁ።

ወረቀቱ እርጥበት እንዳይገባው የቁም ሳጥን መቀቢያ ሲለር በቲነር በእጥፍ አቅጥኜ አንድ እጅ ቀባሁት። ይህን ሥራ ውጭ፣ ደጅ ላይ ሥሩት። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ሳሎን ውስጥ ቀባሁ፤ በዚያው ክፍል ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና ሊቆላ ነበር። ባለቤቴ ሽታው ሲገባት ምድጃውን አንስታ ወጣች። የቲነር ትነት ከእሳት ጋር አይቀለድበትም።

አሁን ትልቁ ስህተቴ ጋ ደረስኩ። ውሃ ከነፋሁበት በኋላ ክንፉን ሰሌዳው ላይ በስፒል አላሰርኩትም። ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ አስቀምጬው ተኛሁ። ሐምሌ ነው፤ ውጭው ዝናብ፣ ቤቱ እርጥበት። ጠዋት ሲታይ ደህና ይመስላል። ደህና አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ግን ከወራት በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ያበረርናት በመስከረም ነው። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለ የግጦሽ መስክ። ከአየር ማረፊያው በጣም የራቀ ቦታ ነው የመረጥኩት። ለመስኩ ባለቤቶችና ለአካባቢው የጸጥታ ሰዎችም ካርቶኑን ይዤ ሄጄ አሳይቻለሁ። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ሰው ሰማይ ላይ ያላወቀውን ነገር ሲያይ ይደነግጣል። ካሜራም ሪሞትም የሌላት የወረቀትና የላስቲክ ነገር መሆኗን ቀድሞ ሲያይ ግን ራሱ ቆሞ ያበርራል።

ላስቲኩን 150 ዙር ጠመዘዝኩ። ልጄ ለቀቀቻት። ቀና አለች፣ ሁለት ሜትር ያህል ወጣች፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ወደ ቀኝ ተገልብጣ በአፍንጫዋ ወረደች። ደገምን። ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ጭራው ተሰበረ።

ማታ ቤት ተቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። 25 ዲግሪ በሚሞቅ ቀን እዚህ ያለው አየር፣ በባሕር ጠለል ላይ ካለው መደበኛ አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከአሥር እጅ አንድ እጅ በላይ መፍጠን አለበት። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይሽከረከራል፤ ላስቲኩ ፈጥኖ ያልቃል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔም «አገኘሁት! ኪቱ የተሠራው ለቆላ አገር አየር ነው» አልኩ።

ክንፉን አስረዘምኩ። በእያንዳንዱ ጎን 6 ሳንቲ ሜትር ጨምሬ 73 አደረስኩት። ወጋግራውን፣ ማለትም በክንፉ ርዝመት የሚሄደውን ዋና ዘንግ፣ ለመቀጠል በቀርከሃ ደገፍኩ። ከላይ ከተናገርኩት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ሄደ። የተሰበረውንም ጭራ በቀርከሃ አጠናከርኩ። ልጄ ደግሞ ጭራው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይሁን አለች። ደስ ብሎኝ በዘይት ቀለም ቀባሁላት። ሚዛኗ ወደ ኋላ ሲያጋድልብኝ የዓሣ መረብ ላይ የሚታሰረውን እርሳስ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ለምኜ አፍንጫዋ ውስጥ ከተትኩ።

አማረች። ግን ያው ሆነች። እንዲያውም ባሰባት።

ያዳነን የወርቅ ቤት ሚዛን ነው። ቤታችን ያለው የኩሽና ሚዛን ግራም በትክክል አይናገርም። አንድ ቀን ካርቶኑን ይዤ የማውቀው ወርቅ ሠሪ ጋ ገባሁ። «ጋሼ፣ ይቺን መዝንልኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ግን መስታወት ያለባትን ሚዛን አወጣ። ካርቶኑ ላይ ያለላስቲክ 38 ግራም መሆን አለባት ይላል። የእኛ 57 ግራም። ፈታትተን እንመዝናት አለኝ። የክንፉ መርዘም 3 ግራም ነው የጨመረው። እርሳሱ 12 ግራም። ጭራው ብቻውን 9 ግራም፤ በንድፉ ቢሠራ 5 መሆን ነበረበት።

«4 ግራም ምን አላት?» አልኩት።

እሱ ዕቃ ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። እጁን እንደ ሚዛን ዘርግቶ አሳየኝ። ጭራው ከሚዛን ነጥቧ 32 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። አፍንጫው 11 ብቻ። ስለዚህ ጭራ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ግራም አፍንጫ ላይ ሦስት ግራም ይጠይቃል። 4 ግራሙ 12 ግራም እርሳስ አስጨመረኝ። በጠቅላላ 16 ግራም። አውሮፕላኗ መሸከም ካለባት ከሲሶ በላይ ትርፍ ጭኜባት ነበር። የሳሳው አየር የወሰደብኝን እኔ እጥፍ አድርጌ ጨምሬበታለሁ።

ወርቅ ሠሪው ገንዘብ አልተቀበለኝም። «ስትበር ጥራኝ» አለኝ።

ጭራውን እንደ አዲስ በንድፉ ሠራነው። በዘይት ቀለም ፋንታ ባለቀለም ስስ ወረቀት ለጠፍን፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ሳይቀር ወጣልን። 5 ግራም ከትንሽ። እርሳሱ ወደ 1 ግራም ወረደ። ከዚህ በኋላ ልጄ እያንዳንዱን ክፍል ከመለጠፋችን በፊት ወርቅ ቤት እያስመዘነች ደብተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች። ምክሬ ይህ ነው፦ ምንም ዓይነት ጥገና ስትሠሩ ጭራ ላይ ኮላ፣ ቀለም፣ ስኮች አታብዙ። ጭራ ላይ የሚጠቅመው መቀነስ ነው።

ሚዛኑን እንዲህ ትለካላችሁ። ላስቲኩንም ፕሮፔለሩንም ገጥማችሁ፣ ሁለት ጣታችሁን ከክንፉ ሥር ከፊት ጠርዙ ሲሶ ያህል ገባ ብሎ ደግፉ። የኛ ክንፍ ከፊት ወደ ኋላ 9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 3 ላይ። አግድም ከቆመች ለመጀመር ይበቃል።

የቀኝ መገልበጡ ግን አልለቀቀም። አንድ እሑድ ቡና እየተጠጣ ክንፉን ከኋላ ይዤ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው ሳየው አየሁት። የቀኙ ክንፍ የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ ተጠምዟል። ትንሽ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። የሐምሌዋ ሌሊት ሥራ! ወደ ላይ የተጠመዘዘው ክንፍ የሚያነሳው ያንሳል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ይወርዳል። ሦስት ወር ሙሉ ይህን ሳላይ ወጋግራ ስቀጥል ነበር።

ማስተካከያው ጀበናው ላይ ነበር። ውሃው ሲፈላ ከአፉ የሚወጣው እንፋሎት ላይ ክንፉን ከፍ አድርጌ አመላለስኩ። ወረቀቱ ሲረግብ በሁለት እጄ ወደ ተቃራኒው ጠመዘዝኩ፤ ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፌ። ከዚያ ወዲያው ሰሌዳው ላይ በስፒል አስሬ አንድ ሌሊት አሳደርኩት። ቀጥ አለ። ሲለር የተቀባ ወረቀትም ቢሆን ለእንፋሎት ይለዝባል። እጃችሁን እንዳይመታችሁ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ይህን ልጁ ሳይሆን እናንተ ሥሩት። በዝናብ ወቅት ከሠራችሁ ደግሞ ክንፉን በየሳምንቱ ከኋላ ተመልከቱት። ዛሬ ቀጥ ያለ ነገ ላይሆን ይችላል።

ስለ ላስቲኩ። ከኪቱ ጋር የመጣው መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሰነባብቶ ነበር። ሲለጠጥ ትንንሽ ስንጥቅ ያሳያል፤ ያ የሞተ ላስቲክ ነው። ፀሐይና ሙቀት ይገድለዋል። በጨለማ፣ አየር በማይገባው ዕቃ አስቀምጡት። ምትክ ስፈልግ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቆረጥኩ። በከተማችን ብስክሌት ሞልቷል፤ አሮጌ ጎማ አይጠፋም። አልሠራም። ያ ጎማ የሚሠራበት ዓይነት ላስቲክ የተሰጠውን ኃይል ውስጡ ያስቀረዋል፤ ሲፈታ ልፍስፍስ ነው። ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ተቀጣጥሎ የተሻለ ነበር። ግን ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል። በመጨረሻ ተገቢውን ላስቲክ ሌላ መንገደኛ አመጣልን።

ላስቲክ ቅባት ይፈልጋል፤ እርስ በርሱ እንዳይፋጭ። ቫዝሊን አትቀቡት! እኔ ቀብቼ በሳምንቱ እንደ ሙጫ አጣበቀኝ። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት የተፈጥሮ ላስቲክን ይበላዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው ግሊሰሪን ጥሩ ነው። የጉሎ ዘይትም ይሆናል።

በጣት ማጠንጠን ደግሞ አያደርስም። የእጅ መሰርሰሪያ ላይ የሽቦ ቆልማማ ገጥሜ ማጠንጠኛ አደረግኩት። አንድ ሰው አውሮፕላኗን ይይዛል። ሌላው ላስቲኩን ሦስት እጥፍ ወደ ፊት ለጥጦ ማጠንጠን ይጀምራል፤ እየጠነጠነ ቀስ በቀስ ይጠጋል። እንዲህ ሲሆን ከጣቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ዙር ይይዛል። ሲበጠስ ግን ገላዋን ከውስጥ ያፈራርሰዋል። አንድ ጊዜ ደርሶብናል፤ ሙሉ ጎኗ ተበሳሳ። ከዚያ በኋላ ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቱቦ ጠቅልዬ፣ ስናጠነጥን ገላዋ ውስጥ ላስቲኩን እንዲሸፍን አደርጋለሁ። ሲያልቅ ይወጣል። ከሠራናቸው ማሻሻያዎች ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም የጠቀመን ይህ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ሐይቅ ውስጥ ገባች። ይህን ያመጣው የሰዓት ምርጫዬ ነው። ማለዳ አየሩ ፀጥ ይላል ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሌሊቱን መሬቱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከመሬት ወደ ሐይቅ ይነፍሳል። እኛ ደግሞ በደቡቡ ዳርቻ ነን። ቀስ ያለ ነፋስ ነው፤ ፊት ላይ አይታወቅም። ለቀለለች አውሮፕላን ግን ይበቃል። አምርታ ወጣች፣ ዞረች፣ ልጄ እልል አለች፤ ከዚያ እየዞረች ወደ ውሃው ተወሰደች። አንድ ታንኳ ላይ ያሉ አባት አንስተው ይዘዋት መጡ።

«ይቺ ወፍ የማን ናት?» አሉ።

«የኔ ናት አባባ፤ እኔ ነኝ የሠራኋት» አለች ልጄ።

አዟዙረው አዩዋት። የአፍንጫዋን ደንገል ሲያዩ በጣታቸው ጫን አደረጉት። «ደንገልን በክረምት አትቁረጡት፤ ደረቅ ያለውን ምረጡ» ብለው መለሱላት። ቤት ወስደን ጥላ ላይ፣ ክንፉን በስፒል አስረን ሁለት ቀን አደረቅናት። ፀሐይ ላይ ብታሰጧት ባንድ በኩል ቀድማ ትደርቅና ትጣመማለች።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ቀየርን። የመሬቱ ነፋስ ሞቶ የሐይቁ ሳይነሳ አንዲት ፀጥ ያለች ጊዜ አለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ትመጣለች፤ በየቀኑ ትለያያለች። ዕጣን በከሰል ላይ ጣል አድርገን ጭሱን እናያለን። ቀጥ ብሎ ከወጣ እናጠነጥናለን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ መሬት ስለሚመጣ ውሃ ውስጥ አትገባም፤ ግን በዚያን ሰዓት ይበረታል፤ ለጀማሪ አውሮፕላን አይሆንም።

ማስተካከሉ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ላስቲኩን ሳትጠነጥኑ፣ ረጅም ሣር ላይ፣ በትከሻ ቁመት ወደ ፊት ሸኟት። ወደ ላይ አትወርውሯት፤ ዓይናችሁን ሃያ እርምጃ ፊት ያለ ሣር ላይ አድርጋችሁ ወደዚያ ግፏት። ቀና ብላ ቆማ ከወደቀች አፍንጫዋ ላይ ክብደት ይጎድላል። ወዲያው ከደፋች ክብደቱ በዝቷል። ረጋ ብላ ተንሸራታ ሣሩ ላይ ስትቀመጥ ብቻ ወደ ላስቲኩ እለፉ። በ100 ዙር ጀምሩ። ያለላስቲክ ጥሩ እየሄደች በላስቲክ ቀና ብላ የምትቆም ከሆነ ክብደት አትጨምሩ። ጥፋቱ የፕሮፔለሩ አቅጣጫ ነው። የአፍንጫው መሰኪያ ከላይ በኩል ቀጭን ካርቶን ብታስገቡ ፕሮፔለሩ ትንሽ ወደ ታች ያያል፤ ይረጋጋል። ፕሮፔለሩ በአንድ በኩል ስለሚሽከረከር ገላዋ በተቃራኒው መጋደል ይፈልጋል። የኛ ወደ ግራ ትጋደላለች። በግራ በኩል አንድ ካርቶን ስናስገባ ፕሮፔለሩ ወደ ቀኝ አየና ሚዛን ያዘ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትንኩ። አንድ ነካክታችሁ ሁለት ጊዜ አብርሩ፤ ከዚያ ሌላው። ልጄ ይህን ከኔ በላይ ትጠብቃለች። «አባዬ፣ አሁን የነካኸው አንድ ነው አይደል?» ትለኛለች።

እንዲህ ባለ ላስቲክ የምትበር ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ውስጥ 11 ሰከንድ በረረች። የሠራት አልፎንስ ፔኖ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ነው። የራይት ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ የተጫወቱባት በላስቲክ የምትሽከረከር መጫወቻም ከእሱ ሥራ የመጣች ናት። እኛም አገር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊ መሐንዲስና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ሆነው የሠሯት «ፀሐይ» አለች። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በ2016 ዓ.ም. ጥር ስትመለስ ልጄ በቴሌቪዥን አይታታለች። እኛ ወረቀት ስንለጥፍ «እነሱም እንዲህ በእጃቸው ነው የሠሯት?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። በእጃቸው ነው።

በኅዳር ሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ወርቅ ሠሪው በብስክሌቱ መጣ። ጭሱ ቀጥ አለ። 280 ዙር ጠነጠንን። ልጄ ለቀቀቻት። በቀኝ በኩል እየዞረች ወጣች፤ ከዛፉ በላይ ሆነች። ላስቲኩ ሲያልቅ ድምፅዋ ጠፋ። ዝም ብላ ስትንሳፈፍ ፀሐይዋ በወረቀቱ አሳልፋ የክንፍ አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ወርቅ ሠሪው ስልኩን ይዞ ይቆጥራል፤ 31 ሰከንድ። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ሣሩ ላይ ስታርፍ ቀድመው ደረሱ። ማንም አልነካትም። ልጄ እስክትመጣ ዙሪያዋን ቆመው ጠበቋት።

አሁን ሁለተኛዋን ከዜሮ እየሠራን ነው። ያለ ኪት፣ ንድፉን ልጄ በደብተሯ ላይ በእጥፍ አሳድጋ ሥላዋለች። ጭራው እስካሁን 4 ግራም ነው።